ፋት ወይስ ስሊም? ዋጋው የቀነሰ ፕሌይስቴሽን ከመግዛታችሁ በፊት

ፕሌይስቴሽን ቤት ከፍቼ በሠራሁባቸው ዓመታት «ስንት ለስንት አለቀ?» ከሚለው ቀጥሎ አብዝቼ የሰማሁት ጥያቄ «ፋቱ ይሻላል ወይስ ስሊሙ?» የሚለው ነው። ፋት የምንለው ኩባንያው (ፕሌይስቴሽንን የሚሠራው ሶኒ) መጀመሪያ ያወጣውን ወፍራሙን ማሽን ነው፤ ስሊም ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቀጥኖና ዋጋው ቀንሶ የሚመጣውን። ጠያቂው አንዳንዴ ለልጁ የሚገዛ አባት ነው። አንዳንዴ ሁለት ቴሌቪዥንና ሁለት ማሽን ይዞ ሥራ ሊጀምር ያሰበ ወጣት ነው። አንዳንዴም ውጭ አገር ያለች እህቱ «ምን ላምጣልህ?» ብላው ሲያወጣ ሲያወርድ ያደረ ልጅ ነው።

ሁለቱም አንድ ዓይነት ጌም ስለሚያጫውቱ ልዩነቱ የመልክ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔም ሥራውን ስጀምር እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ማሽኑ በቀን አሥር፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሠራ አጠገቡ ስትውሉ ግን ልዩነቱ ከፋኑ ድምፅ፣ ከቆጣሪው ንባብና ከጥገና ወጪው ቀስ እያለ ብቅ ይላል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ለአብዛኛው ሰው የተሻለው ግዢ መካከል ላይ የወጣው ማሽን ነው። መጀመሪያ የወጣው ይሞቃል፣ መብራትም ይበላል። ማሽኑ ሊሰናበት ሲል የሚወጣው የመጨረሻው ርካሽ ዓይነት ደግሞ ዋጋው እንዲወርድ ሲባል ብዙ ነገር ተነቅሎለታል። መካከለኛው የመጀመሪያው ድካም ታርሞለት፣ የመጨረሻው ስስት ሳይደርስበት የተሠራ ነው። ይህ ግን በሁሉም ማሽን ላይ እኩል አይሠራም፤ ስለዚህ አንድ በአንድ እንያቸው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ዋጋዎቹም ማሽኖቹ አሜሪካ ገበያ ላይ ሲወጡ የነበራቸው ናቸው።

ዋጋው የሚቀንሰው እንዴት ነው?

የጌም ማሽን እንደ ስልክ በየዓመቱ አይቀየርም። ኩባንያው አንዱን ማሽን ሰባትና ስምንት ዓመት፣ ከሆነለትም ከዚያ በላይ መሸጥ ይፈልጋል። በመጀመሪያው ዓመት የቸኮለውና ገንዘብ ያለው ይገዛል። ሦስተኛውና አራተኛው ዓመት ላይ ገበያው ይቀዘቅዛል፤ የቀረው ገዢ «ዋጋው ይውረድና» ብሎ የሚጠብቀው ነው። ለዚህ ሰው ነው ያንኑ ጌም የሚያጫውት፣ ለማምረት ግን የሚረክስ ማሽን የሚሠራለት።

ትልቁ ቁጠባ የሚገኘው ቺፑ ላይ ነው። የቺፕ አሠራር ከዓመት ዓመት እየረቀቀ ስለሚሄድ ያው ቺፕ በትንሽ ቦታ ላይ ሊሠራ ይችላል። ሲያንስ ከአንድ የሲሊከን ገበታ ብዙ ፍሬ ይወጣል፤ የአንዱም ዋጋ ይወርዳል። የሚፈጀው ኤሌክትሪክ ይቀንሳል፣ ሙቀቱም አብሮት። ሙቀቱ ሲቀንስ ትልቁ ፋንና ከባዱ የብረት ማቀዝቀዣ አያስፈልጉም፤ መብራቱን ተቀብሎ ለማሽኑ የሚያድለው ፖወር ሰፕላዩም ያንሳል። ማሽኑ ሲቀል ካርቶኑ ያንሳል፣ በአንድ ኮንቴይነርም ብዙ ይጫናል። ይህ ዓይነቱ ቁጠባ ገዢውን አይጎዳውም፤ እንዲያውም ቀዝቀዝ ያለ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ማሽን ይሰጠዋል።

ሁለተኛው ዓይነት ቁጠባ ማስገቢያና መውጫ መድፈን ነው። ሁለት ዩኤስቢ፣ የድምፅ መውጫ፣ የሜሞሪ ካርድ ማንበቢያ፣ የድሮ ጌም የሚያጫውተው ቺፕ፣ አንዳንዴም ኢንተርኔቱ ጭምር ይነሣል። ካርቶኑ ላይ «አዲስ፣ ቀጭን» ተብሎ ይጻፋል እንጂ ምን እንደተነሣ አይጻፍም። ስለዚህ ሻጭ ፊት ስትቆሙ መጠየቅ ያለባችሁ «ከፋቱ ምን ተነሣለት? የተነሣው ነገር ለእኔ ያስፈልገኛል ወይ?» ብላችሁ ነው።

ፕሌይስቴሽን 2፦ ስሊሙ የረታበት

ስሊም ማሽን የአንድን መሣሪያ ዕድሜ ምን ያህል ሊያራዝም እንደሚችል ማየት የፈለገ ፒኤስ 2ን ይመልከት። በ2000 በ299 ዶላር ሲወጣ ክብደቱ 2.2 ኪሎ ነበር። በ2004 መጨረሻ የመጣው ስሊም ውፍረቱ 2.8 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 900 ግራም፣ ዋጋው 149 ዶላር ሆነ። በ2009 ወደ 99 ዶላር ወረደ። በመካከሉ ፒኤስ 3 ወጥቶ፣ ማስታወቂያውን ሁሉ ወስዶ ሳለ ፒኤስ 2 መሸጡን አላቆመም፤ መመረቱ ያበቃው በ2012 መጨረሻና በ2013 መግቢያ ላይ ነው። የተሸጠው ከ155 ሚሊዮን በላይ ነው። የእግር ኳስ ጌም እንኳ እስከ 2013 ድረስ፣ ማለትም እስከ ፊፋ 14 እና እስከ ፔስ 2014 ድረስ ይወጣለት ነበር። እኛ አገር በየሰፈሩ የተከፈቱት ቤቶች ሥራቸውን የጀመሩት በዚሁ ማሽን ነው፤ ብዙ ልጅ ጆይስቲክ የጨበጠውም እሱ ላይ ነው።

ከስሊሙ ምን ተነሣ? ከኋላ የነበረው የሃርድ ዲስክ ቦታ። በምትኩ የኢንተርኔት ገመድ ማስገቢያው አብሮት መጣ። ሃርድ ዲስክ ገጥሞ ለመጫወት ለሚፈልግ ፋቱ አሁንም ዋጋ አለው፤ ለቀረነው ግን የጎደለብን ነገር የለም።

ስሊሞቹም ሁሉ አንድ አይደሉም። ከማሽኑ ሥር ያለውን ቁጥር አንብቡ። በ70 ሺህና በ75 ሺህ የሚጀምሩት አዳፕተራቸው ውጭ ነው፤ በ90 ሺህ የሚጀምሩት ግን ፖወር ሰፕላዩን ሆዳቸው ውስጥ ይዘዋል። ብዙ ሰው «ገመድ ብቻ ሰክቶ መሄድ ነው» ብሎ 90 ሺዎቹን ይመርጣል። እኔ ግን መብራት በሚሄድበትና ተመልሶ ሲመጣ በሚገፋበት ሰፈር የውጭ አዳፕተር ያለውን እወዳለሁ፤ ከተቃጠለ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚሄደው አዳፕተሩ ነው፣ እሱም ይተካል። ስትተኩት ግን 8.5 ቮልት የሚል መሆኑን ሳታነቡ እንዳትሰኩ። ሶኬቱ ስለገባ ብቻ 12 ቮልት የሰካበት ሰው ማሽኑን አብስሎታል። ሌላም ነገር አለ፦ ከ75 ሺዎቹ ጀምሮ ውስጡ ስለተቀየረ ጥቂት የቆዩ ጌሞች በትክክል አይሠሩም። እግር ኳስና መኪና ብቻ ለሚጫወት ይህ ስሜት አይሰጥም፤ የድሮ ሲዲ ለሚሰበስብ ግን ቁም ነገር ነው።

ፕሌይስቴሽን 3፦ ሦስቱን ለዩ

ፒኤስ 3 ሲገዛ ሰው በጣም የሚሳሳትበት ማሽን ነው፤ ምክንያቱም ፋት፣ ስሊም እና ሱፐር ስሊም የሚባሉ ሦስት መልኮች አሉት፣ ሻጩም ብዙ ጊዜ «ሁሉም ያው ነው» ይላል።

ፋቱ በ2006 በ499 እና በ599 ዶላር ወጣ። 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ፖወር ሰፕላዩ 380 ዋት ይላል። የመጀመሪያዎቹ ፍሬዎች የፒኤስ 2ን ቺፕ እውስጣቸው ስለያዙ የፒኤስ 2 ሲዲ ያጫውታሉ። ይህ በኋላ ተነሣ፤ ከ2007 መጨረሻ በኋላ የመጡት 40 ጊጋባይት ፋቶች ላይ የለም፣ ስሊሞቹም ላይ የለም። የዩኤስቢ ማስገቢያዎቹም ከአራት ወደ ሁለት ወረዱ። ስለዚህ «ይሄ ፒኤስ 2 ያጫውታል» ስትባሉ ከፊት ለፊቱ ዩኤስቢ ቁጠሩ፤ አራት ካልሆነ የፒኤስ 2 ሲዲ ይዛችሁ ሄዳችሁ ካላያችሁ አትመኑ።

የፋቱ ችግር ሙቀት ነው። ቺፕ ጌም ሲጫወት ይሞቃል፣ ሲጠፋ ይቀዘቅዛል። ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም ቺፑን የሚያገናኙት ጥቃቅን ግንኙነቶች ይደክማሉ። በተመሳሳይ ዘመን የወጣው የማይክሮሶፍት ጌም ማሽን ኤክስቦክስ 360 ቀይ መብራት በማብራት የታወቀው በዚሁ ዓይነት ምክንያት ነው፤ ማይክሮሶፍት በ2007 ዋስትናውን ወደ ሦስት ዓመት አራዝሞ ለዚያ ብቻ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ መድቧል። ፒኤስ 3 ፋት ላይ መብራቱ ቢጫ ነው፤ ለአንድ አፍታ ቢጫ በርቶ ቀይ ብልጭ ብልጭ ማለት ሲጀምር የማሽኑ ነገር አበቃ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በአጽንዖት ልናገር። እንዲህ የሆነን ማሽን ቦርዱን በሙቅ አየር እየነፉ ማስነሣት ይቻላል። ይነሣል፣ ቆንጆ ይጫወታል፣ ከዚያ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሶ ይሞታል። ያገለገለ ፒኤስ 3 ፋት በጣም በረከሰ ዋጋ ሲቀርብላችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህን ይሁን። ብሎኖቹን ተመልከቱ፤ ራሳቸው የተላጠ፣ የዋስትናው ስቲከር የተቀደደ ከሆነ ተከፍቷል። መከፈቱ ብቻውን ጥፋት አይደለም፣ ለጽዳትም ይከፈታል፤ ግን ለምን እንደተከፈተ ሻጩ ዓይናችሁን እያየ ይንገራችሁ።

ስሊሙ በ2009 በ299 ዶላር፣ ከ120 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ጋር መጣ። የዋናው ቺፕ አሠራር ከ90 ናኖሜትር ወደ 45 ወረደ (ቁጥሩ ሲያንስ አሠራሩ ረቀቀ ማለት ነው)፣ ፖወር ሰፕላዩ ወደ 250 ዋት፣ ክብደቱ ወደ 3.2 ኪሎ። የተነሣው ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሲስተም መጫን መቻሉ ነው፤ እሱን የሚፈልግ በሺህ አንድ ሰው ቢገኝ ነው። ሲዲውን ራሱ ይስባል፣ ሃርድ ዲስኩ በአንድ ክዳን ይወጣል። ፒኤስ 3 ለመግዛት ለቆረጠ ሰው የምመርጥለት ይህንን ነው፤ ሁለተኛ አማራጭ አልሰጠውም።

ሱፐር ስሊሙ በ2012 ሲመጣ 250 ጊጋባይቱ 269 ዶላር ነበር፤ ክብደቱ 2.1 ኪሎ። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ሃርድ ዲስክ የሌለው፣ 12 ጊጋባይት ብቻ የያዘ ፍሬ ተሸጠ። ውስጡ ቀዝቃዛና ደህና ነው፤ በመብራት ፍጆታም ከሁሉ ያነሰው እሱ ነው። ቁጠባው የሚታየው ላዩ ላይ ነው። ሲዲ የሚስበው ሞተር ወጥቶ በእጅ የሚንሸራተት የፕላስቲክ ክዳን ተተካበት። ቤት ውስጥ ለአንድ ጥንቁቅ ልጅ ይህ ምንም አይደለም። በቀን ሠላሳ ልጅ እጁን የሚያሳርፍበት ቦታ ግን ያ ክዳን ቀድሞ የሚያልቀው ዕቃ ነው። 12 ጊጋባይቱን ደግሞ ማንም ይዞላችሁ ቢመጣ እወቁት፤ ትልልቅ ጌሞች ሃርድ ዲስክ ላይ ቦታ ይፈልጋሉ፣ ሃርድ ዲስክ ለመጨመርም ለብቻው የሚሸጥ የብረት መያዣ ያስፈልጋል።

ለእግር ኳስ ብላችሁ ፒኤስ 3 የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ለዚህ ማሽን የወጣው የመጨረሻው ፊፋ በ2018 የወጣው ፊፋ 19 መሆኑን ይዛችሁ ግቡ። ከዚያ በኋላ የተዘዋወረ ተጫዋች ሁሉ እዚያ በድሮ ክለቡ ነው።

ፕሌይስቴሽን 4፦ ዛሬ ገንዘብ የሚወጣበት

አሁን ባለው ሁኔታ አብዛኛው ቤተሰብና አብዛኛው ጌም ቤት የሚመርጠው በፒኤስ 4 ዙሪያ ነው። ዕድሜውም ገና አላለቀም፤ ፒኤስ 5 በቺፕ እጥረት ከገበያ በጠፋበት ጊዜ ሶኒ ፒኤስ 4ን በ2022ም ማምረቱን ቀጥሎ ነበር፣ በ2025 የወጣው ኢኤ ኤፍሲ 26 (ፊፋ ይባል የነበረው ጌም) እንኳ ለፒኤስ 4 ተሠርቷል።

ፋቱ በ2013 በ399 ዶላር ወጣ፤ 2.8 ኪሎ፣ 250 ዋት። ስሊሙ በ2016 በ299 ዶላር መጣ፤ 2.1 ኪሎ፣ 165 ዋት። ቺፑ ከ28 ናኖሜትር ወደ 16 ወረደ። የተነሣው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ኦፕቲካል የሚባለው የድምፅ መውጫ። ድምፁን በዚያ ገመድ ወደ ትልቅ ስፒከር የሚያወጣ ሰው ካልሆናችሁ መነሣቱን እንኳ አታውቁትም። የተጨመረለት ደግሞ አለ፤ ፋቱ የማይዘውን 5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ይይዛል።

የዋቱን ነገር በቁጥር እናስላው፤ እዚህ ላይ ነው ሰው የማያስተውለው። ሁለቱም በጨዋታ ሰዓት ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ያህል አይበሉም፤ ስለዚህ ልዩነታቸውን በ60 ዋት ብቻ እንያዘው። በቀን 12 ሰዓት የሚሠራ ማሽን 720 ዋት ሰዓት ይቆጥባል፤ በወር 21.6 ኪሎ ዋት ሰዓት። አምስት ማሽን ያለው ቤት በወር 108 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቀርለታል። ቤት ውስጥ ማታ ማታ ለሁለት ሰዓት ለሚጫወት ልጅ ይህ ምንም አይደለም፣ ለፋቱና ለስሊሙ የዋጋ ልዩነትም ምክንያት አይሆንም። ሥራ ለሚሠራበት ግን በዓመት ውስጥ ድምር አለው። መብራት ሲጠፋ በባትሪና በኢንቨርተር የሚሠራ ሰው ደግሞ ያው ባትሪ ከስሊም ጋር ረዘም ላለ ሰዓት ይቆይለታል፤ የተጀመረ ግጥሚያ ሳይቋረጥ ማለቁ ለደንበኛ ትልቅ ነገር ነው።

አቧራም አለ። አንድ ጊዜ ፋኑ እንደ ፀጉር ማድረቂያ የሚጮህ ፒኤስ 4 ፋት ከፍቼ ነበር። ቤታችን ያልተነጠፈ መንገድ ዳር ነው፣ ወቅቱም የበጋው መጨረሻ። ክዳኑን ሳነሣ የፋኑ ክንፎች አልታዩኝም፤ በላያቸው እንደ ግራጫ ብርድ ልብስ የተነጠፈ አቧራ ነበር፣ በጣቴ ስይዘው እንደ ጨርቅ ተነሣ። ከሥሩ ያሉት ቀጫጭን የብረት ማቀዝቀዣዎች መካከላቸው ተደፍኗል። ቺፑ ላይ የተቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት፣ ቴርማል ፔስት የሚባለው፣ ደግሞ ደርቆ እንደ ሰኔ ያላገኘ መሬት ተሰነጣጥቆ ነበር። በብሩሽ ጠርጌ፣ አዲስ ፔስት ቀብቼ ስዘጋው ያ ጩኸት ቀረ። ከዚያ ወዲህ ያገለገለ ፋት የሚገዛ ሰው በዋጋው ላይ የጽዳትና የፔስት ወጪ እንዲደምር እመክራለሁ። ስሊሙም ይቆሽሻል፤ ሙቀቱ ያነሰ ስለሆነ ግን ያንኑ ያህል አቧራ ይዞም አይጨነቅም።

ከፋቶቹ መካከል በቁጥሩ 1200 የሚለውን ካገኛችሁ ከስሊም ብዙ አይርቅም። በ2015 የመጣ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ይቀላል፣ ያነሰ መብራት ይበላል፣ ማብሪያውና ሲዲ ማውጫውም እውነተኛ ቁልፎች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ፋቶች በንክኪ ስለሚሠሩ አንዳንዶቹ ማንም ሳይነካቸው ሲዲ ይተፋሉ። ማሽኑ ተበላሽቷል ተብሎ ለጥገና ገንዘብ የተከፈለበት ብዙ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ከማሽኑ ሥር ያለው የጎማ እግር ወደ ላይ እየገፋ ንክኪውን ማስነሣቱ ነው።

ሃርድ ዲስኩን በሁለቱም ላይ ራሳችሁ መቀየር ትችላላችሁ፤ ስሊሙ ላይ ከኋላ ያለች ትንሽ ክዳን ተነሥታ አንድ ብሎን ይፈታል። የውጭ ሃርድ ዲስክም ሁለቱም ይቀበላሉ። ስለዚህ «500 ጊጋ ነው፣ 1 ቴራ ነው» እያሉ ብዙ ገንዘብ ሲጨምሩባችሁ አትደንግጡ።

ፒኤስ 4 ፕሮ የሚባለውን ይጠይቁኛል። እሱ ርካሹ ሳይሆን ኃይለኛው ማሽን ነው፤ ስሊም በወጣበት ዓመት በ399 ዶላር የወጣ። 4ኬ የሚባለው ምስሉ በጣም የጠራ ቴሌቪዥን ከሌላችሁ ለእሱ የምትጨምሩት ገንዘብ ስክሪኑ ላይ ብዙም አይታይም፤ በዚያ ላይ ይሞቃል።

ቀጭን ሁሉ ርካሽ አይደለም

ፒኤስ 5 ላይ ስሊም የሚለው ቃል ሰውን አታሏል። በ2023 መጨረሻ የመጣው አነስ ያለው ፒኤስ 5 ሲዲ ያለው ዋጋው እንደ ድሮው 499 ዶላር ሆኖ ቀረ፤ ሲዲ የሌለው እንዲያውም ከ399 ወደ 449 ወጣ። በመጠን 30 በመቶ ያህል አንሷል፣ ማከማቻው 1 ቴራባይት ሆኗል፤ የዋጋ ቅናሽ ግን አላመጣም። ስለዚህ ያገለገለ የመጀመሪያው ፒኤስ 5 በተሻለ ዋጋ ካገኛችሁ «አሮጌው ነው» ብላችሁ አትለፉት።

ዋናው ምርጫ እዚህ ላይ ሲዲ ያለውና የሌለው ነው። ሲዲ የሌለው ርካሽ ነው። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስም ሲዲ የለውም፤ በ2020 በ299 ዶላር የወጣ፣ ከትልቁ ወንድሙ በኃይልም በማከማቻም ያነሰ ማሽን ነው። አሜሪካ ወይም አውሮፓ፣ ፈጣንና የማይቋረጥ ኢንተርኔት ባለበት ቤት፣ ሲዲ አለመኖሩ አያስጨንቅም። እዚህ ግን አንድ የእግር ኳስ ጌም ከ40 ጊጋባይት በላይ ሲሆን የፓኬጁን ዋጋና የሚፈጀውን ሌሊት አስቡ። ከዚያም በላይ ሲዲ የሚዋዋሱት፣ የሚቀያየሩት፣ ሲሰለች የሚሸጡት ንብረት ነው። ከጓደኛዬ ጋር አንድ አንድ ጌም ገዝተን ለዓመት የተቀያየርንበት ጊዜ ነበር፤ ሲዲ በሌለው ማሽን ያ አይሆንም። ካርቶኑ ላይ ያለው የ50 ወይም የ100 ዶላር ልዩነት ሦስትና አራት ጌም ላይ ተመልሶ ይበላል። ከውጭ ለሚያመጣላችሁ ዘመድ «ሲዲ የሚያስገባውን» ብላችሁ አስረግጣችሁ ንገሩት፤ ሱቅ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው የረከሰውን ነው።

ቁጠባው አጥንት ሲነካ

ኩባንያው ማሽኑን ሊሸኝ ሲል የሚያወጣው የመጨረሻው ርካሽ ዓይነት ላይ ጥንቃቄ የምለው በምክንያት ነው። ሌላው የጌም ማሽን ሠሪ ኒንቴንዶ በ2012 ካናዳ ውስጥ በ100 ዶላር ግድም ያወጣው ዊ ሚኒ፣ የዊ ማሽኑ ርካሽ ዓይነት፣ ኢንተርኔት የለውም፣ የሜሞሪ ካርድ ማስገቢያ የለውም፣ ዊ ከመጀመሪያው ያጫውት የነበረውን፣ ጌምኪዩብ ለሚባለው ከእሱ በፊት ለነበረው ማሽን የተሠራ ጌምም አያጫውትም። ሶኒ በ2011 አውሮፓ ውስጥ በ99 ዩሮ ያወጣው የመጨረሻው ፒኤስፒ (በእጅ የሚያዘው ፕሌይስቴሽን) ዋይፋይ ተነሥቶለታል፤ ከጓደኛ ጋር አብሮ መጫወት አበቃ ማለት ነው።

ነገሩ አዲስም አይደለም። በ1993 ኤንኢኤስ የሚባለው የኒንቴንዶ የድሮ ማሽን በ49.99 ዶላር ተሻሽሎ ሲወጣ ካሴቱ ከላይ ስለሚገባ የድሮው የመያዝ ችግር ቀረ፤ ያ ትልቅ እርማት ነበር። በዚያው ግን ቢጫና ቀይ የሆነው የቪዲዮ ገመድ ማስገቢያ ተነሥቶ በአንቴና ገመድ ብቻ እንዲሠራ ሆነ፤ ምስሉ ወረደ። በአንድ እጁ ሰጠ፣ በሌላው እጁ ነሣ።

በእጅ ብቻ ተይዞ የሚጫወቱበት ስዊች ላይትም፣ የኒንቴንዶ ስዊች ርካሹ ዓይነት፣ በዚህ መዝገብ ይገባል። በ2019 በ199.99 ዶላር ወጥቷል፤ ቴሌቪዥን ላይ አይሰካም፣ ጆይስቲኮቹም ከማሽኑ ጋር የተጣበቁ ናቸው። ለአንድ ልጅ በጉዞ ላይ ጥሩ ነው። ሁለት ልጅ ላለበት ቤት ግን ትልቁን ስዊች ግዙ፤ ላይቱ ጠብ ያመጣል፣ ጆይስቲኩ ሲበላሽም ማሽኑ በሙሉ ለጥገና ይሄዳል።

ከአሜሪካ የሚመጣ ከሆነ

ከማሽኑ ጀርባ ወይም ከአዳፕተሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ፎቶ አንሥቶ ይላክላችሁ። 100–240 ቮልት ካለ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃል። 120 ቮልት ብቻ ካለ በእኛ 220 ላይ በቀጥታ የሚሰካው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ለአሜሪካ የተሸጡት የኤክስቦክስ 360 አዳፕተሮች የዚህ ዓይነት ናቸው። ሲዲውንም አስቡ፤ አሜሪካ የተገዛ ፒኤስ 2 የአውሮፓውን ሲዲ አይቀበልም፣ ፒኤስ 4 ግን የትም አገር የተገዛ ሲዲ ያጫውታል።

ሱቅ ውስጥ

ያገለገለ ስትገዙ «በርቷል፣ ይሠራል» አይበቃም፤ ማንኛውም ማሽን አምስት ደቂቃ ይሠራል። የራሳችሁን ሲዲ ይዛችሁ ሂዱ፣ ጨዋታ አስጀምሩና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቁሙ። ሻጩ ቢቸኩልም አትቸኩሉ፤ አንድ ሙሉ ግጥሚያ ከእሱ ጋር ተጫወቱ። በመካከሉ እጃችሁን ከኋላ በኩል አየር በሚወጣበት ያዙ፤ ሞቅ ያለ አየር በኃይል ከወጣ ጤነኛ ነው። ፋኑ እየጮኸ የሚወጣው አየር ደካማ ከሆነ ውስጡ ተደፍኗል። ሲዲውን ሦስት ጊዜ አውጥታችሁ አስገቡ፣ ሁሉንም ዩኤስቢ በጆይስቲኩ ገመድ ሞክሩ፣ የኤችዲኤምአይ ገመዱን በቀስታ ነቅነቅ አድርጉ፤ ምስሉ ከጠፋና ከተመለሰ ማስገቢያው ለቅቋል፣ እሱን መበየድ ደግሞ ለብቻው ወጪ ነው። መጨረሻ ላይ አጥፉት፣ አሥር ደቂቃ አቆዩት፣ እንደገና አብሩት። በሙቅ አየር የተነሣ ማሽን ብዙ ጊዜ የሚጋለጠው ቀዝቅዞ ሲነሣ ነው። ከተነሣና ጌሙ ካቆማችሁበት ከቀጠለ ከሥሩ ያለውን ቁጥር ደረሰኙ ላይ አስጽፉና ክፈሉ።